ከሰል ይጠብቃል፣ ድንች አይጠብቅም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መኪና ቡሬንና ትልሊን አልፎ፣ እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት፣ የዘንገናን ሐይቅ በቅርብ ርቀት ትቶት ይሄዳል። ዘንገና ጥንት እሳተ ገሞራ ባጎደጎደው ክብ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል። ከአገራችን ሐይቆች በጥልቀት ከሻላ ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነው። አፋፉን ከጥንቱ ደን የተረፈው ዛፍ ከቦታል። አብዛኛው መኪና አይቆምም፤ የሚቆምበትን ምክንያት አላበጀንለትም።

በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። አገው ምድርን፣ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚባለውን ይህን ዞን፣ በመንገድ፣ በድልድይ ወይም በመብራት ያሰበ ዕቅድ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በአገው ምድር በኩል ወደ ሌላ ቦታ ለመድረስ ያሰበ ነው። እዚህ ያለው ገበሬ ምን ያመርታል፣ ምርቱስ ከማሳው ተነስቶ አስፋልት እስኪደርስ ምን ይገጥመዋል ብሎ የተነሳ ዕቅድ ማግኘት ይቸግራል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዛዊው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ዳንግላ በበቅሎ እንጂ በመኪና አይደረስባትም ነበር። ቆንስላው የተከፈተው በዳንግላ ገበያ ተማርኮ አልነበረም። እንግሊዞች ሱዳንንና ግብፅን እያሰቡ የጣናና የአባይ ውኃ ጉዳይ ያስጨንቃቸው ስለነበር ነው። ሰውየው ጣናን ዞሮ፣ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ሠራ። ከዓመታት በኋላ ጣልያን ሲመጣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን በአንድ መስመር ላይ ምሽግ አደረጋቸው፤ መንገዱም የጦር መንገድ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በበላያ ተራራ አድርገው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ከድንበሩ እስከ በላያ መንገድ ስላልነበረ ስንቅና ጥይት የጫኑ ግመሎች በየጉድባው አለቁ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ዋና ዋና መንገዶችን ሲይዝም ዓላማው አዲስ አበባን ከጠቅላይ ግዛት ከተሞች ማገናኘት ነበር። ይህ ጥሩ ዓላማ ነው። በመካከል ያለው ሕዝብ ግን በዚያ ዕቅድ ውስጥ መንገዱ የሚያልፍበት መሬት ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል የእንጅባራ መገንጠያ አዲስ ሥራ መጣለት። ከእንጅባራ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ግድቡ ሥፍራ ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ ለዓመታት ሲሚንቶና ብረት፣ ማሽንና ነዳጅ ሲተምበት ኖረ። የዚህ አገር ገበሬም ቦንድ ገዝቷል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግድቡ የሚያመነጨው 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ በፊት በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከበለስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ከፍተኛ መስመርም የተዘረጋው በዚሁ አካባቢ ነው። ታዲያ የአገሪቱ ትልልቅ የመብራት ምንጮች ጎረቤት በሆነ ምድር፣ በብዙ የገጠር ቀበሌ ሌሊት የሚበራው ዛሬም የእጅ ባትሪ ወይም ከገበያ የተገዛች ትንሽ የፀሐይ መብራት ነው። የድንች ማቀዝቀዣ ወይም የወተት ማሽን የሚያንቀሳቅስ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ያለበትን ቀበሌ ለማግኘት ደግሞ የበለጠ መድከም ያስፈልጋል።

እስቲ አሁን ከአስፋልቱ ዳር የተደረደረውን እንመልከት። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ስትጓዙ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ደን የተፈጥሮ ደን አይደለም። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ገበሬው ዲከረንስ እያለ የሚጠራው የግራር ዘር ነው። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ እርሻ ወደዚህ ዛፍ ዞሯል። አሠራሩ ብልሃት አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፎቹ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ በአፈር ተዳፍኖ ይከስላል። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል፤ ጤፉም ከቀድሞው ይሻላል። ወጣቱ በቆረጣው፣ በማክሰሉ፣ በመሸከሙና በመጫኑ ሥራ አገኘ። ሣር ቤት በቆርቆሮ ተተካ። ችግኝ የሚያፈላው ራሱን የቻለ ነጋዴ ሆነ። ይህንን ሁሉ የሠራው ገበሬው ነው፤ አንድም የልማት ዕቅድ "የከሰል ወረዳ እናደርጋለን" ብሎ ተነስቶ አያውቅም።

ብዙ ሰው ይህንን ሲያይ ወይ ያደንቃል፣ ወይ ከሰል ነው ብሎ ያኮርፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ያህል ዝናብ፣ ይህን ያህል ሠራተኛ ሕዝብ፣ ይህን ያህል ለአስፋልት የቀረበ መሬት ያለው ገበሬ ከሰብል ሁሉ መርጦ ለምን ከሰልን ያዘ?

አንደኛው መልስ አፈሩ ነው። ዝናብ የሚበዛበት የአዊ ደጋ፣ በተለይ ባንጃ ወረዳና አካባቢው፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ገብሱና ጤፉ አይይዝም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። በደጀን ኖራ የሚፈጭ ፋብሪካ አለ። ግን ኖራ እንደ ምርጥ ዘር በአንድ ከረጢት የሚያዝ ነገር አይደለም። ለአንድ ሄክታር በአሥራዎቹ የሚቆጠር ኩንታል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ኩንታል ደጀን ላይ ተጭኖ እንጅባራ ይደርሳል እንበል። ከእንጅባራ ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌው ወደ ጎጡ፣ ከጎጡ ወደ ማሳው ማን ያደርሰዋል? ክረምት በሰበረው ጠጠር መንገድ መኪና አይገባም። በፈረስ ጀርባ ይጓጓዝ ቢባል ደግሞ ማጓጓዣው ከኖራው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ገበሬው መንገድ የማይፈልግ ኖራ ፈለገ። ዲከረንስ በሥሩ ናይትሮጅን ይዞ፣ በቅጠሉና በከሰሉ ቅሪት አፈሩን እያከመ፣ ለማሳው መድኃኒት ሆነለት። መንገድ ያላመጣውን ዛፍ አመጣው ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ግልጽ ነው፤ ከሰል ይጠብቃል። እንጨቱ ሲከስል ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ በሣር ተደፍኖ፣ በላስቲክ ከተሸፈነ ለሳምንታት መንገድ ዳር ቢቀመጥ አይበሰብስም። አይሱዙው ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። መብራት አይፈልግም፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ መጋዘን አይፈልግም። ደላላው ዋጋ ቢሰብር ገበሬው ጆንያውን ይዞ መቆየት ይችላል። ከዕቅድ ውጭ ለኖረ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ምርት ከየት ይመጣል?

ድንች ግን አይጠብቅም። የአዊ ደጋ የድንች አገር መሆኑን ተመራማሪዎቹም ያውቁታል። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የድንች ዝርያዎች አንዱ፣ በ1993 ዓ.ም. የወጣው፣ ስሙ "ዘንገና" ነው፤ የዚሁ ሐይቅ ስም ነው። ዘሩን ለማውጣት ዓመታት ተደክሞበታል። ምርቱ ሲጨምር የሚያስቀምጠው መጋዘን፣ የሚያወጣው መንገድ፣ የሚለውጠው ፋብሪካ ግን አብሮ አልታሰበለትም። ሁሉም በአንድ ሰሞን ቆፍሮ ሲያወጣ የትልሊና የእንጅባራ ገበያ ይሞላል፤ ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው ድንቹን መልሶ መጫን አያዋጣውምና ለተጠየቀው ዋጋ ይሸጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ድንች በአዲስ አበባ ጉሊት ስንት እንደሚሸጥ የከተማ ሰው ያውቃል። በመካከል ያለው ልዩነት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደላላውን ይረግማል። ደላላው የሚኖረው ግን መጋዘን በሌለበት ነው። ገበሬው አንድ ወር የሚያቆይበት ቦታ ቢኖረው ደላላው የሚናገረውን ዋጋ ቆሞ አይቀበልም ነበር።

ወተትም ያው ነው። ዳንግላና ዙሪያዋ የከብት አገር ናቸው፤ ሣርም ውኃም አለ። የጠዋት ወተት ግን ከጎጆ እስከ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ከሆነ ወተት ሆኖ አይሸጥም። ቅቤ ሆኖ ይቆያል፤ ለገበያ ቀን ይደርሳል። ቅቤ መልካም ነገር ነው። ግን ገበሬዋ ቅቤ የምትሸጠው ቅቤ ስለሚያዋጣት ብቻ አይደለም፤ ወተቱ የሚሄድበት ስላጣች ነው። በዚህ ምድር ሰው የሚያመርተውን የሚወስነው መሬቱና ዝናቡ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። የሌለው መንገድ፣ ያልተዘረጋው መስመር፣ ያልተሠራው መጋዘን ይወስናል።

የአንድ ምርት ጥገኛ መሆን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በቅርብ ዓመታት ታየ። በዲከረንሱ ላይ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገባበት። ማሳ ሙሉ ችግኝ ደረቀ፤ ያልደረሰ ዛፍ ያለ ጊዜው ተቆረጠ። ያንን ገበሬ "ወደ ድንች ተመለስ፣ ወደ ወተት ዙር" ማለት ለባለሙያ ቀላል ነው። ወዴት እንደሚመለስ ግን አላዘጋጀንለትም።

ዕቅድ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዕቅድማ ሞልቷል። በደርግ ዘመን፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌላም ቦታ የመጣ ሰው እዚሁ ጎረቤት ፓዌ ላይ ሲሰፍር የጣና በለስ ፕሮጀክት በጣልያን መንግሥት ገንዘብና በሳሊኒ ኩባንያ ሥራ ተጀመረ። መንገድ ተጠረገ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፣ ሆስፒታልና ፋብሪካ ቆመ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ማሽኑም ተበታተነ። ሆስፒታሉ ግን ዛሬም ሕዝብ ያገለግላል፤ ሕዝቡ ራሱ የሚፈልገው ነገር ስለሆነ ተረፈ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ጃዊ ላይ የጣና በለስ ስኳር ልማት ተጀመረ። ፋብሪካዎቹ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጡ፤ ዓመታት ተቆጠሩ፤ የተተከለው አገዳ ፋብሪካ ሳይደርስለት ማሳ ላይ አረጀ። አገዳም አይጠብቅም። የመጀመሪያው ፋብሪካ በሌላ ተቋራጭ ተጠናቅቆ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ አሥር ዓመት ማለት ነው። ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር አድርጎ ወልድያንና ሰመራን ይዞ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ የሚሄድ የባቡር መስመርም በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ካርታ ላይ ተሰምሮ ነበር። መስመሩ እስከ ዛሬ ካርታው ላይ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሲታሰቡ የተነሱት ከትልቁ ነገር ነው፤ ከፋብሪካው፣ ከግድቡ፣ ከሐዲዱ። ትንሹ ነገር፣ ማለትም ከማሳ እስከ ፋብሪካ በር ያለው መንገድ፣ "በኋላ ይሞላል" ተብሎ ይተዋል። በኋላ ደግሞ በጀት ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ ተስፋ የሰጠኝ የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ነበር። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ንድፍ ምሥራቅ ጎጃምን፣ ምዕራብ ጎጃምንና አዊን በአንድ የጥሬ ዕቃ ክልል ያየ ነው፤ የዞን ወሰን ሳይገድበው። በየከተማው የገጠር ሽግግር ማዕከል ተሠርቶ፣ ምርቱ እዚያ ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ ተከማችቶ ወደ ፓርኩ እንዲሄድ ነው የታሰበው። በወረቀት ላይ ይህ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው፤ ያሰቡትን ሰዎች ማመስገን ይገባል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ግን ፓርኩ ነው፤ ትኩረቱም፣ ንግግሩም፣ ካሜራውም እዚያ ነበር። እኔ ብሆን ተራውን አገላብጠው ነበር። መጀመሪያ ማዕከሎቹ፣ ከነሱም በፊት ማዕከሎቹን ከማሳ የሚያገናኙት ድልድዮች፣ መጨረሻ ላይ ፓርኩ። ድንች የሚሰበስብ መጋዘን ያለ ፋብሪካ ቢቆም ለገበሬው ይጠቅመዋል። ፋብሪካ ያለ መጋዘን ቢቆም ግን የሚጠቅመው የለም።

ይህ ተራ የሚቻል ነው ብዬ የምናገረው ጎረቤታችን ኬንያ ስላደረገችው ነው። የሻይ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1964 የኬንያ ሻይ ልማት ባለሥልጣን ሲቋቋም ሻዩ የትልልቅ እርሻ ሰብል ነበር፤ ትንንሽ ገበሬዎች ሊያመርቱት አይችሉም የሚል እምነት ነበር። ዕቅዱ የተነሳው ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ስንት ሰዓት ይቆያል? በዚያ ሰዓት ገበሬዋ በእግሯ የት ትደርሳለች? እዚያ የመሰብሰቢያ ሥፍራ ይቁም። ከመሰብሰቢያው ፋብሪካ ድረስ መኪና ክረምት ከበጋ ይግባ። ፋብሪካው በዚያ ርቀት ይተከል። የሻይ መንገዶች የሚባሉት የተሠሩት በዚህ ስሌት ነው። ዛሬ በዚያ አገር ከሻይ ገበሬው እጅግ የሚበዛው ትንሽ ማሳ ያለው ሰው ነው። የኬንያ ደጋና የአገው ደጋ በከፍታም፣ በዝናብም፣ በማሳ ስፋትም የሚቀራረቡ ናቸው። የሚለያዩት ዕቅዱ ከየት እንደተነሳ ነው።

በእኛም ዘንድ የቀበሌ መንገድ ሥራ አልተረሳም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በተባለው ሥራ ብዙ ቀበሌ ከአስፋልት ጋር ተያይዟል፤ ሕዝቡም በጉልበቱ አግዟል። የአዊ ደጋ ግን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ሥፍራ ያለው ነው። እዚህ ጠጠር ማልበስ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ትልቁ ሥራ ውኃው የሚያልፍበትን ቱቦና ድልድይ መሥራት፣ ቦዩን በየዓመቱ መጥረግ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ጠጠር ተሠርቶ አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ካልተሠራ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱ የለም ማለት ነው። በሪፖርት ግን አሥር ኪሎ ሜትር ተብሎ ይመዘገባል። መንገድ በኪሎ ሜትር ሲለካ ድልድይ ይዘለላል። በዓመት ስንት ቀን መኪና ገባበት ተብሎ ቢለካ የድልድዩ ጉዳይ ራሱን ያስታውሳል።

ፈረስንም ማንም አይቆጥረውም። አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያደርገው በዓል እንጅባራን በፈረስና በፈረሰኛ ይሞላታል። በዚያ ቀን ባለሥልጣናት ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይህ ቅርስ ነው ይባላል። ቅርስ መሆኑ እውነት ነው። ግን ጥር 24 ቀን ያው ፈረስ ድንች ይጭናል፣ ከሰል ይጭናል፣ ታማሚ ያመላልሳል። የዚህ ዞን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ትራንስፖርት ፈረስና ጋሪ ነው። የትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ግን የመኪና ብዛት ይቆጥራል። የፈረስ ሐኪም፣ የጋሪ ጎማ የሚጠገንበት ቦታ፣ ከአስፋልቱ ጎን ለፈረስና ለጋሪ የሚሆን ዳር መንገድ ቢጨመር ወጪው ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ጥናት ክፍያ አይበልጥም። ጋሪና ሲኖትራክ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ሲጋፉ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል፤ የሰው ሕይወትም ያለበት ጉዳይ ነው።

ወደ ዘንገና ስመጣ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለኝ። ሐይቁ ለአስፋልት ቅርብ ነውና አንድ ቀን ባለሀብት ወይም ትልቅ ፕሮጀክት ይደርስበታል። ይድረስበት፤ ለአካባቢው ወጣት ሥራ ይሆናል። ነገር ግን ዘንገና የሚገባበትም የሚወጣበትም ወንዝ የሌለው የተዘጋ ውኃ ነው። ከአፋፉ የወረደ አፈር፣ ከመታጠቢያ የወጣ ሳሙና፣ ከመፀዳጃ የሰረገ ፍሳሽ እዚያው ይቀራል፤ ጠርጎ የሚወስደው ጎርፍ የለም። ስለዚህ ሎጁ፣ መኪና ማቆሚያውና መፀዳጃው ከአፋፉ ውጭ፣ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ በማይወርድበት ጎን እንዲሆን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ዙሪያውን ያለው ደን እንዳይነካ መከለልም እንዲሁ። መሠረተ ልማት ማቀድ የት እንደማይሠራ መወሰንንም ይጨምራል። ይህ ውሳኔ ባለሀብቱ ፈቃድ ከያዘ በኋላ የሚደረስበት አይደለም።

ሰላሙን ሳልጠቅስ ባልፍ እውነቱን እንደሸሸሁ ይቆጠርብኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲቆም፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጀመሪያው ተጎጂ የማይጠብቀው ምርት ነው። ሹፌር በማይሄድበት ቀን ከሰሉ ይቆያል፤ ድንቹ ይበሰብሳል። ማዳበሪያው ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ የሚጎዳው የዚያ ዓመት መኸር ነው። ግጭቱ መቼ እንደሚያበቃ መናገር ከዚህ ጽሑፍ አቅም በላይ ነው። ግን ዕቅድ ለሰላም ቀን ብቻ ከተሠራ አይበቃም። ምርት በየቀበሌው ለወር ለሁለት ወር የሚቆይበት መጋዘን ያለው ገበሬ መንገድ ሲዘጋም ሙሉ በሙሉ አይወድቅም።

ከየት ይጀመር ለሚል ሰው ሐሳብ አለኝ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሯል፤ መምህራንና ተማሪዎች እዚሁ አሉ። በትልሊ፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላና በቻግኒ ገበያ ቀን፣ በየመገንጠያው ቆመው፣ ምን ያህል ጭነት በፈረስ፣ በጋሪ፣ በሰው ጀርባና በመኪና እንደመጣ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደተነሳና ስንት ሰዓት እንደፈጀ አንድ ዓመት ሙሉ ቢመዘግቡ፣ ይህ ዞን ኖሮት የማያውቅ የመሠረተ ልማት ካርታ ይኖረዋል። ካርታው ከጎረቤቶቹ ከምዕራብ ጎጃምና ከመተከል ጋር በጋራ ቢሠራ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ድንቹም ሰሊጡም የሚሄደው ዞንና ክልል እየለየ አይደለምና። ብሔረሰብ አስተዳደሩ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ በጀት ሲያጸድቅ ያንን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ "የትኛው ድልድይ የስንት ቀበሌ ድንች ያወጣል?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመብራት ኃይል ሰዎችም ቀጣዩን ትራንስፎርመር የት እንትከል ሲሉ መልሱን ከዚያው ያገኙታል፤ ድንቹ በሚሰበሰብበት ሥፍራ ነው።

የሚቀጥለው የዞኑ ዕቅድ ሲወጣ እኔ አስቀድሜ የምፈልገው የድልድዮችና የመጋዘኖች ዝርዝር ያለበትን ገጽ ነው። በየስማቸው፣ በየቀበሌያቸው፣ ከየትኛው ወር በፊት እንደሚያልቁ ተጽፎ ማየት እሻለሁ። ክረምቱ የሚገባው በሰኔ ነው፤ ድልድዩ በግንቦት ካላለቀ ሌላ ዓመት ይሆናል።